የአማቴ ፓራሹት

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ምሳ ሰዓቴ በስልክ አለቀ። የውድድር መኪና ማቆሚያ ፓራሹት የሚሸጠው ሰው ጥያቄ አያልቅበትም። መኪናዋ ስንት ትመዝናለች? መጨረሻው መስመር ላይ ስንት ትሮጣለች? ፓራሹቱ የሚታሰርበት ቦታ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? የመጨረሻውን አልለካሁም። ለክተህ ደውል አለና ዘጋ። መኪናዋ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዳዊት ጋራዥ ናት። እኔ ከከተማው ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ። በዚህ ትራፊክ፣ ለአንድ ልኬት!

አንተ ደብተር፣ ያለፈውን ቅዳሜ አልነገርኩህም። በሰዓት ከመቶ ሃምሳ ማይል አለፍን። ዳዊት፣ ሞተሩን አብሮኝ የሠራው ጓደኛዬ፣ ከዳር ሆኖ ይጨፍራል። እኔ ፍሬን እረግጣለሁ፣ እረግጣለሁ፣ አትቆምም። ትራኩ አለቀ። የቆምኩት ጫፉ ላይ ያለው አሸዋ ውስጥ ገብቼ ነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ በዚህ ፍጥነት ያለ ፓራሹት ሁለተኛ አትነዳም አለኝ። ሰውዬው ልክ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ፓራሹት ከሌለ የለሁበትም።

ማክሰኞ

ለካሁ። አሁን ደግሞ ምርጫው ራስ ያዞራል። ትልቅ ከሆነ ሲከፈት መኪናዋን ያንገጫግጫታል። ትንሽ ከሆነ እንደሌለ ቁጠረው። ዝቅ ብሎ ከታሰረ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ይነሳሉ። የመስቀል ቅርጽ ያለው አለ፤ ክብ ሆኖ ጨርቁ ክፍት ክፍት የተደረገም አለ። ዳዊት መስቀሉን፣ እኔ ክቡን። ተጨቃጨቅን። ለዳ. ሁሉም ነገር ችግር የለውም ነው። ችግር አለው! ውስጧ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ሻጩ እስከ ሐሙስ ካላዘዝክ ለውድድሩ አይደርስልህም ብሏል። ነገ አዛለሁ።

ረቡዕ

አላዘዝኩም።

አማቴ አባባ ሰይድ መጡ። በወጣትነታቸው አየር ወለድ ነበሩ፤ እዚህ አገር ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጡ። ይህን ውድድር ከጀመርኩ አንስቶ አንድ ቀን እንኳ ደግፈውኝ አያውቁም። የልጄን ባል መኪና ይበላዋል ነው የሚሉት። ዛሬ ትልቅ ጥቁር ላስቲክ ተሸክመው ገቡ፣ ሳሎን መሀል ዘረገፉት። ፓራሹት! ከወታደር ዕቃ መሸጫ ያገኙት አሮጌ የዝላይ ፓራሹት። በገዛ እጃቸው ቆርጠው፣ አሳንሰው ሰፍተውታል። የሚታጠፍበት ከረጢት እንኳ ሰፍተውለታል። እኔ እያለሁ ፓራሹት ከማን ትገዛለህ አሉኝ።

ስፌቱ ንጹህ ነው። ጨርቁ ግን ስስ፣ ያረጀ። ሰው ለማውረድ እንጂ መኪና ለማቆም አልተሠራም። በዚያ ፍጥነት ሲከፈት ይተረተራል። በአንድ ጎን ብቻ ከተቀደደማ እኔንም መኪናዋንም ይዞን ግድግዳው ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ እያሰብኩ አፌ ምን አለ? በጣም ቆንጆ ነው አባባ፣ አላህ ይስጥልኝ!

ሚስቴ ዘሃራ በደስታ አለቀሰች። አባቷና ባሏ በአንድ ነገር ሲስማሙ አይታ አታውቅም። አሁን በምን አፌ ልናገር?

ሐሙስ

ዳ. መላ አለኝ አለ። ትክክለኛውን እንግዛና በእሳቸው ከረጢት ውስጥ እናድርገው፣ ከሩቅ ማን ያያል? ደስ አለኝ። ስልኬን አወጣሁ፣ ልደውል ስል አባባ ቀድመው ደወሉ። ፓራሹቱን በውድድሩ ቅዳሜ ትራኩ ላይ የሚያጥፉት እሳቸው ናቸው። ማንም እንዳይነካው አሉ። አየር ወለድ ሰው አያስነካም። ደግሞ ከበርክ ወንድማቸውን፣ ከጀርመንታውን የድሮ ጓደኞቻቸውን ጠርተዋል። ሰርግ ሊያደርጉት ነው! እኔ? ኢንሻአላህ አባባ፣ ደስ ይለናል።

የሻጩ መሥሪያ ቤት ተዘጋ። አላዘዝኩም። በራሴ ተናደድኩ፣ በዳ. ተናደድኩ፣ በትራፊኩም ተናደድኩ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ

ዳ.ን ለመንኩት። አንተ ባዳ ነህ፣ ካንተ ይቀበላሉ፣ ሄደህ ንገርልኝ። ግድ የለም ብሎ ሄደ። ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ምሳ በልቶ፣ ስፌቱን አድንቆ ተመለሰ! ምን ላድርግ፣ ደስታቸውን አይቼ አልቻልኩም ይላል። ልመታው ምንም አልቀረኝ። ግን እኔስ ከሱ በምን እሻላለሁ?

ቅዳሜ

ዘሃራ ለአባቷ ጓደኞች ለትራኩ የሚሆን ምግብ ታስባለች። ትዘፍናለች። ከዚያ አሸዋ ወዲህ ስለ መኪናዋ ሲነሳ ከክፍሉ የምትወጣ ሴት። አባባ የሰፉት ስለሆነ አሁን አልፈራም አለችኝ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

እሑድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አባባ ቤት ሄድኩ። አባባ ፓራሹቱን የሕንፃቸው ኮሪደር ላይ ዘርግተው ማጠፍ ይለማመዳሉ። ጎረቤቶች በጥግ በጥግ ያልፋሉ። ሻይ ልቅዳልህ አሉኝ፣ ከተቀዳማ አልናገርም ብዬ እዚያው እንደቆምኩ አወጣሁት። ጨርቁ አይችልም አባባ፣ ይቀደዳል።

እጃቸው ቆመ። መቼ አወቅህ አሉኝ። ያመጡት ዕለት አልኩ። ሥራቸውን ስለናቅኩባቸው ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ታዲያ አውቀህ ልትቀመጥበት ነበር? እኔ እንዳይከፋኝ?»

መልሴን አልጠበቁም።

«እኔ ብሳሳት እኮ አፍራለሁ፣ ያልፋል። አንተ ብትሞት ግን ለቅሶ ላይ ምን ብዬ ነው የምቀመጠው? እኔ ነኝ የሰፋሁለት ብዬ?»

ፓራሹቱን ለመጠቅለል ጎንበስ አሉ። ላግዝዎ አልኩ። በእጃቸው ከለከሉኝ። አንዱ ጎን ሲያመልጣቸው፣ ያንን ጫፍ ያዝ አሉኝ። አብረን ጠቀለልነው።

አሁን መኪና ውስጥ ነኝ፣ ደጃቸው ላይ። ክቡን በኢንተርኔት አዘዝኩ። ለቅዳሜ አይደርስም። የዓመቱ ውድድር አለፈ፤ በገዛ አፌ አሳለፍኩት። ቅዳሜ አልነዳም። ከበርክና ከጀርመንታውን ለሚመጡት የምደውለው እኔ ነኝ፣ አባባ አይደሉም። ለምን ቀረ ሲሉኝ ሞተሩ ተበላሸ ብል ይቀላል። በጣም ይቀላል፣ ማንም አያፍርም። አልልም። መናገር ፈርቼ ቀኑ አለፈብኝ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ግን ለዘሃራ። ደውዬላታለሁ፣ ስልኩ እየጠራ ነው።