ደረጃ የሌለው ቤት

ኅዳር ፲፩ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከደረጃ ወድቄ ተሰበረ ያልሽኝ ክንድሽ እንዴት ሆነ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ነው አልታዘዝ ያለኝ። ደብዳቤዬን ባልሽ ቀድሞሽ ስለሚከፍተው ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው።

መጽሔቱ ላይ የወጣውን አጭር ልብወለድሽን አነበብኩት። ጉድ እኮ ነው! ሰፈሩ ሁሉ “ልጅሽ ደራሲ ሆነች” እያለኝ ነው። ወንድምሽማ በልብወለድሽ ሴትዮ “ምን ያለችዋ ዝርክርክ ናት፣ ስትወድቅ የምትውል!” እያለ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ መጀመሪያ ላይ።

ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ልብወለድ ነው፤ ባልሽ ከሰለቸው ይዝለለው፣ አልቀየመውም። አንቺ ግን የአስተማሪ ልጅ ነሽ፤ ሁለቴ ሳላነብ እንደማልፈርድ ታውቂያለሽ። ሁለተኛ ሳነበው ባልየው በገባ ቁጥር ዓረፍተ ነገሮችሽ እንደሚያጥሩ አየሁ። ሴትዮዋ ድስት ስታስቀምጥ ድምፅ እንዳይሰማባት ከሥሩ ጨርቅ ታነጥፋለች። ለጎረቤቷ “ከደረጃ ወድቄ ነው” ትላለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እኮ በሯን ከፍታ በቀጥታ መንገድ ላይ ነው የምትወጣው። ልጄ፣ ያ ቤት ደረጃ የለውም።

ተሳስታ ነው እንዳልል ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ገጹን ለወንድምሽ ቀስ ብዬ አነበብኩለት። አልሳቀም። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። እኔም ለሴትዮዋ አንጀቴ አረረ። ለአንዲት የልብወለድ ሴት እንዲህ መሆኔን ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?

መጨረሻው አላሳመነኝም። መብራቱን አጥፍታ ትተኛለች። ለምን? ማንም የላትም ብለሽ ነው? እናት ይኑራት። የጭነት መኪና የሚነዳ ወንድምም ይኑራት። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት መሥሪያ ቤቷ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት አጠገብ ይቁም፤ እስክትመጣ ድረስ አይሰልች። እሷም ልብስ አትሸክፍ፣ ለማንም አታስረዳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እንደ ወትሮው ትውጣ። እናትየዋ ምንም አትጠይቃትም። አልጋዋን አንጥፋ ትጠብቃታለች።

ቶሎ አስተካክዪው፣ የኔ እናት። አንቺ ካልጻፍሽው መጨረሻውን ሰውየው ይጽፈዋል፤ እሱን ማንበብ አልችልም።

እግዜር ከክፉ ይሰውርሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ። አዲሱን መጨረሻ በፖስታ እንዳትልኪው። ራስሽ ይዘሽው ነይ።

እናትሽ