«ቀጠቀጠው» እና «ትንሽ ብጤ»

መሐል ሜዳ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬም ከማስተምርበት ስመለስ አባባ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ጠበቁኝ። የእንግሊዝኛውን ዜና ከስልኬ ላይ ካልተረጎምኩላቸው ቀኑ አይመሽላቸውም።

«የተቃዋሚዎቹ መሪ ሚኒስትሩን ቀጠቀጠው» ብዬ ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ጋዜጣው የሚለው እንደዚያ ነው።

«ውይ! ተረፈ ታዲያ?»

«ኧረ አልነካውም አባባ! በንግግር ነው የነቀፈው።»

«ነቀፈው አይልም እንዴ? እነዚህ ሰዎች እውነት ዱላ የተነሣ ዕለት ምን ሊሉ ነው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የእሳቸው አፍ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አምና በረዶ ገብሳችንን መሬት ላይ አንጥፎት ሲሄድ «ትንሽ ብጤ ነካካው» ነበር ያሉት። ከዚያ ማሳ እሸት እንኳ አልቀመስንም። ይህን ጠባያቸውን ስወድላቸው!

ወደ ቤት ሊገቡ ሲነሡ ግን ደረታቸውን ያዝ አድርገው ቆሙ።

«ምነው አባባ?»

«ምንም አይደል። ትንሽ ብጤ ወጋኝ።»

ይህን የጻፈው የእንግሊዝኛው ጋዜጠኛ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ብዬ አልፈው ነበር። ያሉት ግን አባባ ናቸው። ነገ ክፍል አልገባም፤ በማለዳ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ።