«ሆዲ» ላለ ሁሉ

ሰኞ፣ ጁን 3

ጠዋት እንደ ወትሮው የአንኳኪዎቹን መዝገብ አነበብኩ። ሲያንኳኩ አድረዋል። ሰው አይደሉም፣ ማሽኖች ናቸው። ከየአገሩ መጥተው የሰርቨራችንን በር በግምት ይሞክራሉ፤ «አድሚን»፣ «12345»፣ የኳስ ቡድን ስም... እኛ ዘንድ ደጅ የደረሰ ሰው «ሆዲ» ይላል፣ የቤቱ ባለቤት «ካሪቡ፣ ግባ» ካላለው ደፉን አይረግጥም። እነዚህ ሆዲ ማለት አይሰለቻቸውም። እኔም አይሰለቸኝም። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፣ ያንኑ ስህተት በየዓመቱ ማረም ለምጃለሁ።

ኒያምቡ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ይዞ ገባ። ድሮ ተማሪዬ ነበር፣ አሁን አሠሪዬ ነው። የቮይ ከተማና የአካባቢዋ ሰዎች ድረ ገጻቸውን እሱ ዘንድ ያሳድራሉ። ጡረታ ስወጣ «ቤት ከሚቀመጡ የደንበኞቼን ደብዳቤ ይመልሱልኝ» ብሎ አመጣኝ። ሰርቨር መጠበቅ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እሱ ይሸጣል፣ እኔ እጠብቃለሁ።

«ምዋሊሙ፣ ዛሬስ ስንት ሌባ መጣ?» አለኝ፤ «መምህር» ማለቱ ነው፣ እንደ ድሮው።

«የመጣውን ተወው። የገባ የለም።»

ረቡዕ፣ ጁን 5

ማጋንጋ ከተራራው፣ ከዉንዳኚ፣ ወረደ። ስዋሂሊ ያስተምር ነበር፣ ክፍላችን ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ነው፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በታይታ ቋንቋ የሚያወሩትን ተረት በስልኩ ይቀዳል፣ በእኛ ሰርቨር ላይ ባለው ገጹ ያወጣል። ሞምባሳ የተወለዱት የልጅ ልጆች ይሰሙታል ይላል።

ማማ ዋውዳ እሑድ አርፋለች። እንደሷ ተረት የሚያውቅ የለም። ከእሷ የቀዳውን ሁለተኛ ተረት ገጹ ላይ ለማውጣት ነው የመጣው። የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን እንደ ቃል ጽሕፈት ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ!

«ካሪቡ? ማጋንጋ፣ እውነትህን ነው?»

«ዓመተ ምሕረት ጨምሬበታለሁ እኮ።»

«የዘንድሮን!»

«የሌላ ዓመት ከሆነ እረሳዋለኋ።»

«ሌባው ሆዲ ሲል አንተ ግባ ትለዋለህ ማለት ነው።»

«አይ አንቺ ምካዋሲ! እናቴ ደጇን ዘግታ አታውቅም።»

«እናትህ ደጇ የሚመጣውን ታውቀው ነበር።»

ሳቀ። ከቀብሩ በኋላ እቀይራለሁ አለ። እሺ አልኩ። ለሌላ ደንበኛ እሺ እል ነበር? እንጃ...

ዓርብ፣ ጁን 7

ክፉ ቀን።

መጀመሪያ የክሊኒኩ ነርስ ደወለች። «ምዋሊሙ፣ ናይሮቢ የላክሁት ደብዳቤ ሁሉ ተመልሶ መጣ። የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቅሁ ነው።» ቀጥሎ የሲሳል ቃጫ ገበሬዎች ማኅበር ደወለ። ከዚያማ ስልኩ አላረፈም። ለካ ከሰርቨራችን የቁማር ማስታወቂያ በገፍ ሲወጣ ሰንብቷል። የኢሜይል ጠባቂዎች በሙሉ በጥቁር መዝገብ አስፍረውናል። ከእኛ የሚወጣ ደብዳቤ የትም አይገባም።

ፈለግሁ። የማጋንጋ ገጽ ነው። ስከፍተው በተረቱ ፋንታ የሚሽከረከር የቁማር መንኮራኩር...

የገባው ሜይ አጋማሽ ላይ ነው። በሩን አልሰበረም። ትክክለኛውን ቃል ብሎ ገባ። ከአንኳኪዎቹ መዝገብ ውስጥ የሌለውም ለዚህ ነው፣ እኔ በየጠዋቱ የማነበው የተሳሳቱትን ብቻ ነውና። ቀይ እስክሪብቶ የሚያየው ስህተት ብቻ ነው።

ገጹን ዘጋሁት። ኒያምቡ ቆሞ ነበር።

«ምዋሊሙ፣ ከሥሩ ይጥፋ።»

«የሰው ድምፅ አለበት።»

«የክሊኒኩ ደብዳቤስ? በአንድ ሽማግሌ ተረት ሰው ይሙት?»

አልተሳሳተም። መጥፎውም ነገር አለመሳሳቱ ነው። እስከ ረቡዕ ለመንኩት።

«እስከ ረቡዕ። ከዚያ እኔው ራሴ እሰርዘዋለሁ፣ እንዳይቀየሙኝ።»

ቅዳሜ፣ ጁን 8

የማማ ዋውዳ ቀብር። ለማጋንጋ በስልክ ልነግረው አልፈለግሁም፣ ሲያልቅ እነግረዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ጸሎቱ እንዳበቃ ተነስቶ ቆመ። «ድምጿ አልተቀበረም» አለ። «ስልካችሁን ክፈቱ፣ አሁን ስሟት።»

ከፈቱ። ባዶ ገጽ። አንዱ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ ኔትወርክ የጠፋ መስሎት። ልጇ ደጋግማ ነካችው። ማጋንጋ በሰዉ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ።

ዛፍ ሥር ወስጄ ነገርኩት።

«ስልክህ ላይ አለ አይደል?» አልኩት።

«አጠፋሁት። ቦታ ሞላብኝ... እናንተ ዘንድ አለ ብዬ።»

እሑድ፣ ጁን 9

ከቤት ሆኜ የሰርቨሩን አጥር ሳጠብቅ ራሴን ውጭ አስቀረሁ። ከማላውቀው አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ ከልክል አልኩት። ከለከለ። የራሴን አድራሻ መጻፍ ረስቼ! ሰርቨሩ ያለበት ናይሮቢ ደወልኩ፣ አንድ ወጣት ቴክኒሽያን አነሳ።

«ማማ፣ ቁልፉን ውስጥ ረስተው በሩን ገጠሙት?»

«አዎን።»

«አይዞዎት። ይህን ያላደረገ ገና ሥራ አልጀመረም።»

ከፈተልኝ። ተማሪ ሲሳሳት አንድም ቀን «አይዞህ» ብዬ አውቃለሁ? አላስታውስም።

ሰኞ፣ ጁን 10

መጠባበቂያ ቅጂዎቹን አወጣሁ። በየወሩ አንዱን ከፍቼ እሞክራለሁ። ኒያምቡ ይስቅብኛል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ግን ያልታረመ ፈተና ነው፣ ማለፉን ማን ያውቃል? የኤፕሪሉ ንጹሕ ነው። የሁሉም ሽማግሌዎች ድምፅ አለበት፣ የማማ ዋውዳ የመጀመሪያውም አለ።

ሁለተኛው ግን የለም። የወጣው ሌባው ከገባ በኋላ ነው። በምድር ላይ ያለው በታመመው ገጽ ውስጥ ብቻ ነው።

ከታመመ ገጽ ምንም አይወሰድም። ይህን ደንብ ራሴ ነኝ ያወጣሁት።

የኤፕሪሉን ቅጂና የታመመውን ገጽ እንደ ተኮራረጁ ሁለት የፈተና ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አመሳከርኩ። ንጹሑ ላይም ያለ፣ አለፈ። የታመመው ላይ ብቻ ያለ፣ ተጠርጣሪ። አንድ በአንድ ጣልኩ። መጨረሻ ላይ ሁለት ፋይል ቀረኝ፦ «ዋውዳ 2» እና «ዋውዳ 3»።

«ሁለቱንም ይመልሷቸውና እንገላገል» አለ ኒያምቡ።

«ሁለተኛውን ሲያወጣ አይቻለሁ። ሦስተኛውን አላየሁም።»

ማጋንጋ ጋ ደወልኩ። ነገ ና አልኩት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም፣ መልሱን አስቀድሜ እንዳላቀብለው።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

በመጀመሪያው ማታቱ ሚኒባስ መጣ። ኒያምቡም ሥራውን ትቶ አጠገባችን ቆመ። ሁለቱን ስሞች አሳየሁት።

ረጅም ጊዜ አየ።

«ሦስተኛ?»

«አንተን ነው የምጠይቀው።»

«ሁለት ጊዜ ነው ያወራችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ድንኳን ተተክሎ ደረስኩ።»

ገባኝ። ሌባው ካገኘው ስም ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ራሱን ደብቋል። ማሽን ነው፣ መሞቷን በምን ያውቃል?

ልሰርዘው ስል ማጋንጋ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ። ክፈቺው እስቲ።»

«ማጋንጋ...»

«ምናልባት እኔ ረስቼ እንደሆነ።»

አስተማሪ ነው፣ እንዳልረሳ ያውቃል። ቢሆንም በጽሑፍ ከፈትኩለት፣ እንዳይሠራ አድርጌ። ድምፅ የለበትም። ስሙ የድምፅ ነው፣ ሆዱ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ይህን ላክ፣ ያንን ክፈት፣ ተደበቅ... እስከ ታች ድረስ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

«ሰርዢው።»

ሰረዝኩት።

ሁለተኛውን ከአውታር በተነጠለ ኮምፒዩተር መረመርኩ፣ በሆዱም ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ አሰማሁት። ሳል። ዶሮ። ከዚያ ማማ ዋውዳ ስለ ጥንቸልና ስለ ጉድጓዱ ውኃ... መሃል ላይ ከውጭ ሰው «ሆዲ!» ይላል። ተረቷን ሳታቋርጥ «ካሪቡ፣ ካሪቡ» ትላለች፣ ትቀጥላለች።

«ሰማሽ?» አለ ማጋንጋ። «ማን ነው እንኳ አላለችም።»

«ሰማሁ። ድምፁን አውቃው ነው።»

ኒያምቡ አፍንጫውን ጠረገና «ደንበኛ ይጠብቀኛል» ብሎ ወጣ። ውጭ ደንበኛ አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጁን 12

የኤፕሪሉን ንጹሕ ገጽ መለስኩ፣ ላዩ ላይ «ዋውዳ 2»ን ብቻ ጨመርኩ። ለኢሜይል ጠባቂዎቹ ምን እንደሆነና ምን እንዳደረግን ጻፍኩ፣ ሳላስጌጥ። የደንበኞቹን ሁሉ የይለፍ ቃል አስቀየርኩ። ሲያጉረመርሙ ዋሉ።

ማጋንጋም ቀየረ። ፊቴን አዙሬ ነበር። ጮክ ብሎ አላነበበም። ከዚህ በኋላ ቃሉ ብቻውን አያስገባውም፣ በየጊዜው ስልኩ ላይ አዲስ ቁጥር ይመጣለታል፣ እሱንም መስጠት አለበት።

«ቁጥሩን ባዘገየውስ?»

«ይሞታል። ሌላ ትጠይቃለህ።»

«እንደ አንቺ ፈተና ነው በይኛ።»

ሐሙስ፣ ጁን 20

የክሊኒኩ ደብዳቤ ናይሮቢ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። ከጥቁር መዝገቡ ወጥተናል። ሁለት ደንበኞች ትተውን ሄደዋል፣ ኒያምቡ አልወቀሰኝም። የማማ ዋውዳ ልጅ ደውላ ነበር። ሰምታዋለች። ከተረቱ በፊት የምትሰማው ዶሮ የራሷ ዶሮ እንደሆነች ነገረችኝ።

ጠዋት መዝገብ አነበብኩ። አሁን ሁለት ነው የማነበው፣ ያንኳኩትንና የገቡትን። የገቡትን በስማቸው፣ በሰዓታቸው።

ሻይ እንደተቀዳ ከደጅ «ሆዲ!»

የማጋንጋ ድምፅ ነው። በሕልሜም አልስተውም። አፌ ካሪቡ ሊል ተከፍቶ...

«ማን ነው?» አልኩ።

ስልኩን ፍለጋ ከረጢቱን ሲፈትሽ ሰማሁ። ከዚያ እንደ ቃል ጽሕፈት፣ ጮክ ብሎ፣

«አራት! ዜሮ! ዘጠኝ! ዘጠኝ! አንድ! ሰባት!»

ኒያምቡ ከሳቁ የተነሳ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

«ዘገየህ» አልኩት። «ሞቷል። ሌላ አምጣ።»

«ምካዋሲ! ለቁርስ ያመጣሁት ኪማንጋ እየቀዘቀዘ ነው!»

«ካሪቡ» አልኩት።