ሰሌኑን የገለጠችው እንግዳዎ

ለተከበሩ ሚስተር ኮሊን ፌርሊ
የ«ሦስቱ በረከቶች» የቡድን ጉዞ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አፒያ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል፣ ወገብና ጉልበትዎም እንግዶችዎ በየማለዳው እንደሚዘረጉት ያለ ሕመም እንዲዘረጋ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የፋጋሌሎ መንደር ሽማግሌ ሴኡማሎ ኢዮአኔ ነኝ። ስፖርትን፣ ባህልንና ጤናን በአንድ ጉዞ አጣምረው መንደራችንን የዚህ በረከት ተካፋይ ስላደረጉ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው ጽፈውልናል። ደስታው ከአቅማችን በላይ ሆኖብናልና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ። ጋዜጣ ላይ ያወጣሁትም ይህን የሚያህል ውለታ በጓዳ አይመሰገንም ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ስፖርቱ። እኛ ክሪኬት የሚባለውን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ የምንጫወተው መንደር ከመንደር ጋር፣ እየዘፈንን፣ ተሸናፊውን እየሰደብንና አብረን እየበላን ነው። በዚያ ቅዳሜ ከጎረቤቶቻችን ከሳቱፊያ ልጆች ጋር ተጫውተን ጨርሰን ነበር። ያልጨረሰው የአስጎብኚዎ የወይዘሪት ብሪጅት ካሜራ ብቻ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙልን! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሁላችሁም ፎቶው ውስጥ ግቡ! ፈለቲዬ፣ አንተ ደግሞ ጠንከር አድርገህ ምታ!» አለች። ፈለቲ የወንድሜ ልጅ ነው፤ «እህቴ፣ ልጆቹ በጣም ቀርበዋል እኮ» አላት። «አይዞህ፣ ምንም አይሆኑም!» አለችው። የእኛ መምቻ ባለ ሦስት ጠርዝ ዱላ መሆኑን ምናልባት አልነገርንዎትም ይሆናል። ያ ዱላ የሳቱፊያውን ልጅ ኢሳኮን ዓይኑ ላይ አገኘው፤ ሐኪሞቹም ዓይኑን ሊያተርፉት አልቻሉም። ፎቶው ደብዝዞ መውጣቱን ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ባህሉ። በእኛ ዘንድ ደም ሲፈስ የበዳይ ቤተሰብ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ በተበዳዩ ቤት ደጅ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በዳዩ አባቶቻችን ባቆዩልን፣ ሴቶች ዓመታት ፈጅተው በሠሩት ስስ ሰሌን ይሸፈናል። ማንም አይናገርም። ተበዳዩ ሲፈልግ ፀሐይ ላይ ይተወናል፣ ሲፈልግ ይደበድበናል። ይቅር ካለ ደግሞ ወጥቶ ሰሌኑን በገዛ እጁ ይገልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ እስከ ልጅ ልጅ አይነሣም። ከእሱ በቀር ያን ሰሌን ማንም አይነካውም።

እኔም ደሙ በፈሰሰ ማግስት ማለዳ ከፈለቲ ጋር ሰሌኑ ሥር ነበርኩ። የልጁ እንባ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። አልዋሽዎትም፣ እኔም ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ የኢሳኮ አባት ታፉና ከመኝታው ሲነሣ፣ የቤቱ በር የሆነውን መጋረጃ ሲጠቀልል ሰማሁ። ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ጤናው። በዚህ ቅዱስ ሰዓት እንግዶችዎ ለማለዳ ስፖርታቸው የሚያነጥፉትን የላስቲክ ምንጣፍ በብብታቸው ይዘው ደረሱ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። ወይዘሪት ብሪጅት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አያችሁ? የአገሬው ሰዎች የማለዳ ጽሞና ላይ ናቸው። ከኋላቸው ተቀመጡና እንደነሱ አድርጉ። ጀርባ ቀጥ!» አለቻቸው። ተቀመጡ። አንዲት ከሜልበርን የመጣች ሴት አጠገቤ ሆና እንደ ወናፍ ትተነፍስ ጀመር። ቆይታ የፈለቲን ልቅሶ ሰማች፤ መቼም ደግ ሴት ናት፤ እጇን ዘርግታ ሰሌኑን ገለጠችው። «አይዞህ የኔ ቆንጆ፣ ልቀቀው፣ ሁሉንም ልቀቀው!» ብላ ፈገግ አለችለት።

ምንም ያልጠፋባት ሴት በኢሳኮ ዓይን ይቅር አለችን።

ታፉና ይህን ቆሞ አየ። «ሴኡማሎ፣ የልጄ ዓይን የጠፋው ለነዚህ ሰዎች ፎቶ ነው። ዛሬ ደግሞ ሐዘኔን ልታስጎበኝ አመጣሃቸው?» አለኝ። መጋረጃውንም መልሶ አወረደው። እንግዶችዎ ሥነ ሥርዓቱ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ።

አራተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን እርስዎ ሳያፍሩ ስለጻፉት እደግመዋለሁ። ይህ «የይቅርታ ጽሞና» በእንግዶች ዘንድ በጣም ስለተወደደ በየሐሙሱ እንድናዘጋጅልዎ ጠይቀዋል። ከተቻለም የሚያለቅሰው ወጣት ቀርቶ ፈገግ የሚል ሰው እንዲቀመጥ አሳስበዋል። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ባለጌ አይቻለሁ፤ ብልግናውን እንዲህ አሳምሮ በማኅተም የላከልኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

ስለ ጠቆሙት ስለሚያለቅሰው ወጣት ላስረዳዎ። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ በሳቱፊያ ስለሚያልፍ ፈለቲ ዓሣ ማጥመድ ትቷል። የኢሳኮ ወንድሞች ያገኙት እንደሆነ አይምሩትምና በተራራው ላይ በኮኮዋ ማሳችን ውስጥ ተሸሽጓል። እናቱ ምግብ ይዛለት ስትወጣ እስክትመለስ ድረስ ቤታችን ውስጥ ማንም ደህና አይቀመጥም። አንድ ደም ይቅርታ ካላገኘ ሁለተኛ ደም ይጠራል። ይህን ደግሞ ለጎብኚ አናሳየውም።

ባለፈው እሑድ ታፉና በቄሱ በኩል መልእክት ላከብኝ፤ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ልጁ ሆን ብሎ እንዳልመታ አውቃለሁ። ሴኡማሎ ተመልሶ ይምጣ፣ አልከለክለውም። ነገር ግን ያን ቀን ሰሌኑ ሥር አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። አስጎብኚዋን ‹ድገሙልን› ያሰኛት ሰውዬ የት አለ?»

ስለዚህ ጥያቄዎን በደስታ ተቀብለናል። የፊታችን ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ በታፉና ደጅ እንቀመጣለን፤ የሚቀመጡትም ፈለቲ፣ እኔና እርስዎ ነን። ካሜራና የላስቲክ ምንጣፍ አያስፈልግዎትም። ጀርባዎ ቀጥ ባይል ግድ የለም፤ በዚያ ቦታ የሚያምረው የጎበጠ ነው። ቢመጡ አንድ ልጅ ከተራራ ይወርዳል። ባይመጡ ደግሞ የሚሆነውን ሁሉ ዛሬ በጋዜጣ አንብበዋልና፣ አላወቅሁም የሚሉበት አፍ አይኖርዎትም።

ከሰሌኑ ሥር ቦታ ጠብቆልዎት የሚቆይ፣ የጤናዎ ናፋቂና የደግነትዎ ባለዕዳ፣
ሴኡማሎ ኢዮአኔ
ፋጋሌሎ፣ ሳቫዪ ደሴት

ማሳሰቢያ፦ በጥንቱ ደንባችን ይቅርታ ጠያቂ ማገዶና የምድጃ ድንጋይ ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ «ከፈለጋችሁ ጠብሳችሁ ብሉን» ማለቱ ነው። አይስጉ፣ እኔ እስከማውቀው የተበላ የለም። ቢሆንም እንጨቱን ደረቅ ያድርጉት፤ ታፉና ጭስ አይወድም።