ቻይናዊው አንጥረኛና የኢዮሲያስ አያት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ከፋርማሲው ሺፍት ጨርሼ ትሩጋኒና ያለው ቤታችን ስደርስ ጋሼ አስማማው ስልክ ላይ ናቸው፣ አገር ቤት ካሉት ታላቅ እህታቸው ጋር። ጋሼ የአባቴ ወንድም ናቸው፤ ያሳደጉኝም እዚህ ውጭ አገር ያመጡኝም እሳቸው። ፍቅረኛዬ ኢዮሲያስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ስለዚህ ዘሩ እየተጣራ ነው... ሰባት ቤት ድረስ! ልጁ ኤሌክትሪሽያን ነው፣ አይጠጣም፣ ገላውን ይታጠባል። ይህን ግን ማንም አልጠየቀም።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አሉኝ፣ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው።

ለእኔ! አመሰግናለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ውጤቱ መጣ። የኢዮሲያስ አያት ቀጥቃጭ ነበሩ። ብረት እያጋሉ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ሴት አያቱ ደግሞ ሸክላ ሠሪ። ጋሼ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ነው የነገሩኝ።

«ልጁስ ምንም አይወጣለትም። ግን... ከቀጥቃጭ ዘር ጋር?»

ሚስታቸው እትዬ አፀደ ወዲያው የወጡን ድስት ከደኑ። ቡዳ ፈርተው! ኢዮሲያስ ያለው እኮ ከተማው ማዶ፣ ፍሌሚንግተን ነው። ዓይኑ ትራምና ባቡር ቀይሮ መጥቶ ወጥ ይበላል?

ልጃቸው ትንሳኤ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ማም፣ ዛት ኢዝ ሶ ሬሲስት» አለች። እውነቷን ነው፤ ዘረኝነት ነው።

ኢዮሲያስ ጋ ደወልኩ። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሽማግሌዎቹ ነጋዴ ነበሩ ይላሉ። ጋሼም እሺ ይላሉ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ለካ ያውቃል! ለእኔም እኮ ነጋዴ ነበሩ ብሎኝ ነበር። ለጋሼ ያዘጋጀሁትን ንዴት በሙሉ እሱ ላይ ጨረስኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

የሐበሻ ማኅበራችን ጉዞ። አውቶቡስ ቡክ አድርገው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የቻይና ባህላዊ የእጅ ጥበብ ፓርክ ወሰዱን። ጋሼ ከፊት ወንበር፣ ኢዮሲያስ ከመጨረሻው። እኔ መሀል።

ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስታሽከረክር እትዬ አፀደ «እጇ ይባረክ!» አሉ። እጇ ይባረክ... ጉድ እኮ ነው! የሻይ ማንቆርቆሪያም ገዙ። ሐር ሸማኔውም፣ ወረቀት ቆራጯም ተጨበጨበላቸው። ብረት ቤቱ ጋ ስንደርስማ ጋሼን የሚይዛቸው ጠፋ። አስጎብኚዋ ሰውየው ስድስተኛ ትውልድ መሆኑን፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እንደወረደ ስትናገር እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ስድስት ትውልድ አንጥረኛ! ዘር ማለት ይህ ነው!»

ቻይናዊ ሲሆን አንጥረኛ። የእኛ ሲሆን ቀጥቃጭ።

ከዚያ ንግግር። ማን ጠየቃቸው? «አያችሁ? አገር የሚያድገው ሰው የአያቱን ሙያ ሲያከብር ነው። እኛ ግን ባለሙያ እንንቃለን!» ማኅበርተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ሽርጥ አስረው መዶሻ ተቀበሉ። ሦስቴ ሰነዘሩ፤ አንዱ ብረቱን አገኘው። «ፎቶ አንሺኝ!» አነሣኋቸው።

ኢዮሲያስን ስፈልግ ከፋኖስ መሸጫው ጀርባ ቆሟል። እሳቱን ያያል። ፊቱን ሳየው ቀልዴ ሁሉ ጠፋብኝ።

«አገሩ ሁሉ በአያቴ ማጭድ ነበር የሚያጭደው» አለኝ። «ጠላ ሲቀዱላቸው ግን ከደጅ ነው። በተጣመመ ጣሳ።»

ይህን ነግሮኝ አያውቅም። አንጀቴን በላው።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጋሼ ፎቶውን የማኅበሩ ግሩፕ ላይ ለቀውታል። «ሙያ ክቡር ነው» ብለው ጽፈውበታል። የልብ ምልክቱ ብዛት! አንዱ የእኔ ነው። ምን ላድርግ... ሽርጡ ያምርባቸዋል።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሽማግሌዎቹ መጡ። በደንቡ ኢዮሲያስ አይመጣም፤ እኔም ጓዳ ነኝ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ። ትልቁ ሽማግሌ፣ አቶ ልዑልሰገድ፣ እንደቆሙ የልጁን ዘር ቆጠሩ። «አያቱ ነጋዴ ነበሩ» አሉ።

ጋሼ እውነቱን ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ግን ሳሎኑ በሙሉ እፎይ ሲል ተሰማኝ።

«ነጋዴ ከነበሩማ...» አሉ ጋሼ።

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ድግሱም ቬሎውም በእጄ ነበር። ግን ነገ ልጅ ስንወልድስ? እሱንም ልንዋሸው ነው? ሴት ልጅ ሽማግሌ መሀል አትገባም... ገባሁ።

«ቀጥቃጭ ነበሩ። ጋሼ፣ እርስዎም ያውቃሉ።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። እትዬ አፀደ «አዋረድሽን» አሉኝ። ጋሼ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ እሱ ባሰ። ኢዮሲያስ ደወለና «ማን ተናገሪ አለሽ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አለቀ ማለት ነው? ብዙ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኢዮሲያስ! ብቻውን፣ ያለ ሽማግሌ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ። ጋሼ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሽማግሌዎቹን ነጋዴ ነበሩ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ሳልዋሽ ኑሀሚንን ልጠይቅ መጣሁ። እምቢ ካሉን እናዝናለን... ግን እንጋባለን።»

እናዝናለን አለ፣ እኔንም ጨምሮ። ደስ አለኝ።

ጋሼ መሬት መሬቱን አዩ። ምን እያሰቡ ይሆን? ፓርክ ውስጥ የተናገሩትን? ወይስ እኔን ማጣት ፈርተው? የኋለኛው ይመስለኛል፤ ጋሼ በንግግራቸው አፍረው አያውቁም። በመጨረሻ «ቁጭ በል» አሉት።

ተቀመጠ። ወዲያው ብረት እንዴት እንደሚግል ያስተምሩት ጀመር! ሦስቴ መዶሻ የሰነዘሩ ሰው!

ከዚያ እህታቸው ጋ ደወሉ። «አዎ፣ ፈቅጃለሁ... አያቱማ...» አሉና መስኮቱን አዩ፣ ቬትናማዊው ጎረቤታችን አማርኛ የሚሰማ ይመስል። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «...ቀጥቃጭ።»

ኢዮሲያስ ከወንበሩ ቀና አለ።

«መስመሩ ይቆራረጣል ጋሼ» አላቸው። «ጮክ ብለው ይንገሯቸው።»