ሃምሳ ሦስት በሮች

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሰኞ አይደል? በር ማንኳኳት ነው ሥራዬ። ሃምሳ ሦስቱንም አድራሻ በቤተ መጻሕፍታችን ድረ ገጽ ካለው ገጼ ላይ አንድ በአንድ እየነካሁ ከፈትኩ። ስለ አፍሪካ አስተዳደር፣ ሰላምና ልማት የሚያጠና ሰው ኢንተርኔት ላይ ምን የት እንደሚያገኝ የሚጠቁም ገጽ ነው... የምርጫ ታዛቢዎች ሪፖርት፣ የእርቅ ስምምነት፣ የልማት አኃዝ። ስድስት ዓመት ለቀምኩት። አንዱ ብቻ፣ የእርቅ ጥናቶች ያሉበት፣ አልከፈት አለ። ጥቂት ጠበቅኩት፤ ከፈተ። ተኝቶ ነበር መሰለኝ።

የግራ ጫማዬ ውሃ ያስገባል። ባለቤቴ አሠራዋለሁ ካለ ወር አለፈው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ኃላፊያችን ሰበሰቡን። የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ሊቀየር ነው። ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ መቶ ጊዜ ያልተነካ ገጽ ወደ አዲሱ አይሻገርም አሉ። ይሰረዛል ማለት ነው።

የመጻሕፍት ጠራዡ ከኋላ ሆነው፣ እኔ ድሮም ብያለሁ፣ የኮምፒውተር ነገር ንፋስ ነው አሉ። ጋሽ ሙጫ ነው የምንላቸው፤ ጣታቸው ከአንድ ነገር ጋር ሳይጣበቅ አይውልም። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ!

ከገጾቹ ሁሉ አንደኛ። ኃላፊያችን ቁጥሩን ሲያነቡ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በጋሽ ሙጫ ፊት ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። ቤት ገብቼ ስናገር ባለቤቴ፣ ማነው እሱ ስለ ምርጫ ሕግ እንዲህ ሙጭጭ ያለው አለኝ። ቅና አልኩት። ሁለታችንም ደስ ብሎን አመሸን።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ምን ዓይነት ቂል ነኝ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ገመዱ (ያለ ገመድ ታይቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ) ገጾቹ ስንት ጊዜ እንደተነኩ የሚያሳየውን ቆጣሪ በእኔም ስክሪን ላይ ከፍቶልኝ ነበር። እንደ ልማዴ ማንኳኳት ጀመርኩ። አንዱን ስነካ ቁጥሩ አንድ ጨመረ። ሌላውን ስነካ ሌላ አንድ... እጄ ቀጥ አለ።

ሃምሳ ሦስት ሲባዛ በአራት ሰኞ፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። እኔው ነኝ! የራሴን በር ራሴ እያንኳኳሁ እንግዳ መጣልኝ እያልኩ ነው ለካ። አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው የሰው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ገጹ ይሻገራል፣ እኔም በሰላም እኖራለሁ...

ግን አንዱን የታዛቢዎች ሪፖርት አስታወስኩት። አንድ ሰው እየተመላለሰ ድምፅ ስለሰጠበት ጣቢያ የሚያወራው። ስድስት ዓመት ስለ ተጠያቂነት ስሰበስብ ኖሬ እኔው ኮሮጆ ልሙላ? ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተናገርኩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጸዱ፣ መልሰው አደረጉ።

“ታዲያ አሥራ ዘጠኙ እነማን ናቸው?” አሉኝ።

አላውቅም። የሚሻገሩት ገጾች ዝርዝር የሚጸድቀው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ እስከዚያ አጣሪ አሉኝ። ገመዱን ጠየቅኩት። ሲፈልግ ቆይቶ፣ “እትዬ፣ ሁሉም ከአንድ ማሽን ነው” አለ። የጠረዛ ክፍሉ።

የጠረዛ ክፍል?!

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ወረድኩ። ጋሽ ሙጫ የአንድ መዝገበ ቃላት ጀርባ እየሰፉ ነበር። ነገሩን ስጠይቃቸው ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። አሥራ ዘጠኝ ጥራዝ። በአንድ ጎኑ በተጻፈበት ውዳቂ ወረቀት ታትሞ፣ ከሌላ ሥራ በተረፈ ቀይ ጨርቅ ተለብጦ። ሁሉም ከገጼ የወጣ ነው።

“ጋሼ፣ ንፋስ ነው አላሉም እንዴ?”

“ንፋስ እንዳይወስደው ነዋ፣ እቱ።”

ለካ በምሳ ሰዓት ያነቡታል። የወንዝ ዳር ግጦሽ ሲያጣላቸው ስለኖሩ ሁለት መንደሮች እርቅ የሚተርከውን አውጥተው አሳዩኝ። ስምምነቱ ዳር ላይ በእርሳስ ጽፈዋል፦ “ውሃ ቀጂዎቹን ማን ጠየቃቸው?” አንጀቴን አራሱት። ጫማዬንም አውልቂ ብለው አጣበቁልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ማሽን አይቆጠርም፤ ገመዱ ዘጋው። አንኳኳሁ። ሃምሳ ሁለቱ ከፈቱ። የእርቅ ጥናቶቹ ግን እምቢ አሉ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የእርቅ ጥናቶቹን ያወጣ የነበረው ድርጅት ተዘግቷል፤ ድረ ገጹም አብሮ ጠፍቷል። አዘንኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አንድ የአስተዳደር ትምህርት መምህር መጡ። አሥራ አራት ተማሪዎቻቸው የሁለቱን መንደሮች ጥናት አንብበው ሊወያዩ ነው፤ አድራሻው ግን አልሠራ አላቸው። ሌላ ቦታ እንደሆነ የለም፤ ዓለምን አስሻለሁ አሉ።

ወደ ታች ወሰድኳቸው። ጋሽ ሙጫ ቀዩን ጥራዝ አወጡ። መምህሩ ገልጠው ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ ወንበር ብናቀርብላቸው አልሰሙንም። እርሳሱ ጋ ሲደርሱ ማን እንደጻፈው ጠየቁ። ጋሽ ሙጫ እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጉ ጀመር።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ተማሪዎቹ ሙሉውን ሰዓት የተከራከሩት ስለ ውሃ ቀጂዎቹ ነው አሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ስብሰባ። መምህሩ ለኃላፊያችን ጽፈዋል። ኃላፊያችን ደብዳቤውን አነበቡና፣ ገጹ መቶ አልሞላም፣ ግን ይሻገራል አሉ። ጥራዞቹም በካታሎግ ይመዝገቡ ተባለ። የሞተው አድራሻ አጠገብ ምን እንጻፍ ብዬ ብጠይቅ፣ ጋሽ ሙጫ ከኋላ ሆነው መለሱ፦ “ታች ይጠየቅ በይ።” ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ያለ ወቅቱ ሲዘንብ ነው የዋለው። እግሬ ደረቅ ነው። ባለቤቴ ጫማዬን አይቶ ማን አጣበቀልሽ አለኝ፤ ስለ ምርጫ ሕግ ሙጭጭ ያለው ሰውዬ አልኩት።

አዲሱ ድረ ገጽ ተከፈተ። ሃምሳ ሦስቱንም አንኳኳሁ... ሃምሳ ሁለቱን ከወንበሬ ሳልነሣ፣ አንዱን ደረጃ ወርጄ። ጋሽ ሙጫ ሃያኛውን እየሰፉ ነበር።

ከመውጣቴ በፊት ቆጣሪውን አየሁ። ሰባት ይላል። አንዱም እኔ አይደለሁም።