ዝም ብዬ ያመሰገንኳት ሰፊ

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ዛሬ ጠዋት ከስምንቱ የስፌት መኪናዎች የሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

እታለም፣ ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእናታችን ዓይን፣ የባለቤትሽ ሳል፣ የልጆቹ ነገር እንዴት ነው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ሥራዬ ግን እጄ ላይ ሊሞትብኝ ነው።

የሆስፒታል የደንብ ልብስ ልሰፋ ተዋውያለሁ። እስከ ቅዳሜ ካላስረከብኩ ውሉ ይፈርሳል፤ ስፌት ቤቱም ይዘጋል። ኮሌታ የምትሰፋልኝን ዋናዋን ሰፊ፣ «ቀጥ ያለችው» እያልኩ የምጽፍልሽን ታስታውሻለሽ? እጇ ወርቅ ነው። ዓርብ ዕለት ሥራዋን ገልብጬ አየሁት፤ እንከን አጣሁበትና መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሙያውን እንድትቀስም ብዬ አንዲት አዲስ ሠራተኛ አጠገቧ አስቀመጥኩ። ዛሬ ዋናዋ ሰፊ ቀረች። ሌሎች አምስት ሰፊዎችም ተከትለዋት ቀሩ።

ልብሱን በካውያ የሚተኩስልንን ሽማግሌ ምን ሆነው ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ሥራዋን አገላብጠሽ ታዪና እንደ ግድግዳ ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ። በዚያ ላይ ተተኪ አመጣሽባት። ምን ትበል? እኛማ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎሽ አይተንሽ አናውቅም!» አለኝ።

ይህን የምትረጂልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አባታችን ምግቡ ሲጥመው ዝም ብሎ ይበላ ነበር፤ አፉን የሚከፍተው ጨው ሲበዛበት ነው። እኛ ጓዳ ሆነን ዝምታውን እየሰማን በደስታ እንጠቃቀስ ነበር። የቤታችንን ልማድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ኖርኩ። ለሠራተኞቼ ማን ነገራቸው?

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፍታ ቆመች፤ የምናገረውን ጠበቀች። ልቤ እየለመናት አፌ «የቀሩት ኮሌታዎች የት ናቸው?» አለ። «መሳቢያው ውስጥ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እሷ ካልተመለሰች ሌሎቹም አይመለሱም፤ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

አንቺም ከጻፍሽልኝ ቆየሽ። ዝም ያልሽው ደህና ብትሆኚ ነው እያልኩ ነበር፤ ዛሬ ግን እሱም ያስፈራኝ ጀመር። በሞቴ፣ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ትልቁን ልጅ በርታ፣ መንትዮቹን ደግሞ አክስታችሁን ናፍቃችኋታል በያቸው።

ነገ፦ ስፌት ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ሰፊዋ ቤት መሄድ። ኮሌታ የሚል ቃል ሳላነሳ፣ እንደ እሷ ያለ ሰፊ አይቼ እንደማላውቅ በአፌ መንገር። ስመለስ ነጭ ክር መግዛት።